በእኔ ሞት ምለሽ

ሐረር፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተኳረፍኳት የልጅ ልጄ ለዕፀገነት
ጅማ

እንደምን ሰንብተሻል? «እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ብዕሬን አነሳሁና ተውኩት። የእኔን ጤንነት ለሰው የምታስረጂው አንቺ ነሽ፤ እንዴት እንደሆንኩ ጻፊልኝና እኔም ልወቀው።

ስልክ የማላነሳው ሞቼ አይደለም። በስልክ የሸጠኝ ሰው በዚያው ስልክ «አባባ፣ እንዴት አደሩ» ሲለኝ ምን ብዬ እንደምመልስ ስላላወቅኩ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝና በማውቀው መንገድ መጣሁብሽ። ደብዳቤ ደግሞ አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ መሐል ላይ ገብተሽ «አባባ፣ ይስሙኝ እንጂ» አትዪኝም።

ዛሬ የሸዋ በር ጎረቤት ሁሉ ቆሻሻውን እየጠረገ ያቃጥላል፤ የኅዳር ሚካኤል አይደል፣ በሽታ ይውጣ ብሎ ነው። ጢሱ ቀጥ ብሎ እኔ ቤት ገባ። መስኮት ክፈት ያላችሁኝ እናንተ ሐኪሞች፣ መስኮት ያዘጋኝ ጎረቤቴ። እነሱ የሚያባርሩት በሽታ ደግሞ አልጋው ላይ ተቀምጦ ላንቺ ደብዳቤ ይጽፋል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ የሚያሳዝነው ያላወቅሽው ግማሹ ነው።

ፈይሰል ትዝ ይልሻል፤ የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሲሰፋ የኖረው፣ ዩኒፎርምሽን በየዓመቱ እየተረተረ «ይህች ልጅ ጨርቅ ልታስጨርሰኝ ነው» የሚልሽ። አያትሽ ካረፈች ወዲህ ከሰዓት በኋላዬን የማሳልፈው ጀጎል ውስጥ እሱ ቤት ነው። መደቡ ላይ ጋደም ብለን፣ ጫታችንን ይዘን፣ ያልተስተካከለውን ዓለም ስናስተካክል እንውላለን። የእኔ ጥርስ ቅጠል ማድቀቅ ካቃተው ቆይቷል፤ ፈይሰል በትንሽ ሙቀጫ ይወቅጥልኛል፣ እየወቀጠም ይሰድበኛል። በሩ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ ነው፤ ንፋስ ይመታናል ተብሎ። የልጁ ሚስት አሚና በነሐሴ የወለደችውን ሕፃን አምጥታ ጭኔ ላይ ታስቀምጥልኛለች። እኔን ሲያይ ይስቃል። ጥርስ የሌለው ሰው አይቶ ዘመዱ መስዬው ይሆናል።

በጥቅምት አጋማሽ የቀረችኝ መንጋጋ አላስቀምጥ አለችኝና ደወልኩልሽ። የጥርስ ሐኪም ልትሆኚ ጥቂት ወር ቀርቶሻልና ትእዛዙን አወረድሽው። የጠዋቱን የመጀመሪያ ተራ ይያዙ፤ ወንበሩ ላይ እስኪወጡ ማስክዎን አያውልቁ፤ ከሚያስል ሰው ይራቁ፤ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፤ ከሕክምናው በፊት አፍዎን ይጉመጥመጡ። መሣሪያው ጥርስ ሲቦረቡር ምራቁን እንደ ጉም ይበትነዋል፣ ጉሙም ታካሚው ከወጣ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ይቆያል አልሽኝ። እኔ «ታዲያ ጃንጥላ ይዤ ልሂድ?» ብዬ ሳቅኩ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረ። አንቺም ወዲያው ሳሉ ስንት ጊዜው ነው አልሽኝ።

ሦስት ሳምንት አልፎታል አልኩሽ። ይህን ለሰው የተናገርኩት ላንቺ ብቻ ነው። በሰፈራችን ሳንባው ተነክቷል የተባለ ሰው ብርጭቆው እንደሚለይ ታውቂያለሽ። ሐረር ውስጥ ሳላንኳኳ የምገባበት የቀረኝ አንድ በር ነው፤ እሱንም እንዳላጣ አደራ ብዬ አስማልኩሽ። «እርስዎ ይሙቱ፣ ለማንም አልናገርም» አልሽ። በእኔ ሞት ነው የማልሽው፣ ዕፀገነት። በራስሽ ሞት ብትምዪ ኖሮ ትንሽ ትጠነቀቂ ነበር።

ጥቅምት 27 ወደ ጓደኛሽ ወደ ዶክተር ሚልኪያስ የጥርስ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ገና ሳይከፈት ደረስኩ። ያልሽኝን ሁሉ አደረግኩ። ማስኬን እስከ ዓይኔ ድረስ ሳብኩት። መስኮቱን ከፍቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ከኋላዬ የመጣ ጋቢ የደረበ ሰው ተነስቶ ዘጋው፤ ከፈትኩ፤ ዘጋ። «አባት፣ ንፋስ ጥርሴ ውስጥ ገብቶ ሊገድለኝ ነው» አለኝ። እኔም ካንቺ በተማርኩት የጉምና የምራቅ ትምህርት አስተማርኩት፤ በመጨረሻ ከእኔ ይሻላል ብሎ ከንፋሱ ጋር ታረቀ። አንዲት ነርስ መዝገብ ይዛ መጣችና ሳል፣ ትኩሳት፣ ማታ ላብ አለ ወይ ብላ ሁላችንንም ጠየቀች። እኔ ዘንድ ስትደርስ «ያለኝ ዕድሜ ብቻ ነው» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ። በሳቃቸው ውስጥ እኔ ሳልኩ፤ ማንም አልሰማኝም።

ይህ ዘዴዬ ነበር። አሁን ልንገርሽ እንጂ ከማን እደብቃለሁ። ፈይሰል ቤትም እንዲሁ ነው የማደርገው። ሳሉ ሲመጣብኝ ቀልድ እወረውራለሁ፤ እነሱ ሲስቁ እኔ እስላለሁ። አሚና «አባባ ለገሠ በራሳቸው ቀልድ ታንቀው ሊሞቱ ነው» ትላለች፣ ሕፃኑን ጭኔ ላይ እያመቻቸች።

ተራዬ ሲደርስ ሚልኪያስ ወደ ወንበሩ አልወሰደኝም። ጓሮ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጠኝና ራቅ ብሎ ቆመ። እሱም ማስክ አድርጓል፤ ወፍራሙን።

«አባባ፣ ሳል አለብዎት?»

«የለብኝም።»

«ዕፀገነት ትናንት ደውላልኝ ነበር» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሦስት ሳምንት አልፎታል ብላኛለች።»

ያን ጊዜ ጥርሴን ረሳሁት። ሌላ ቦታ ነው ያመመኝ። ልጁ ብዙ ተናገረ። መሣሪያውን በእኔ አፍ ውስጥ ቢያስነሳው ከእኔ ቀጥሎ ያ ክፍል የሚገባ ሁሉ የእኔን ትንፋሽ እንደሚስብ፣ አክታዬ እስኪመረመር ማስታገሻ ብቻ እንደሚሰጠኝ፣ እንዳልቀየመው። እኔ እሱን ምን ብዬ ልቀየም? ሥራውን ሠራ። እኔ የማስበው አንቺን ነው። ከአምስት ዓመትሽ ጀምሮ ስንት ነገርሽን በሆዴ ይዤልሻለሁ? አራት ያገኘሽበትን የሒሳብ ፈተና ከአያትሽ ደብቄ ስፈርምልሽ ለማን ተናገርኩ? እኔ ማስኬን አጥልቄ ከሰው በሽታ ራሴን ስጠብቅ ማለዳውን ሙሉ ለካ ሰዉ የሚጠበቀው ከእኔ ኖሯል፤ ይህንንም እኔ ሳላውቀው ሐኪሙ ያውቀው ነበር። በጓሮ በር ወጣሁ። ጋቢ የደረበው ሰውዬ መስኮቱን ዘግቶት ነበር።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ አክታዬን ሰጥቼ አርብ ውጤቱ መጣ። የሳንባ ነቀርሳ ነው። ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ሥራዬ ስድስት ወር መድኃኒት አዘዘችልኝ፤ በየቀኑ ፊቷ ነው የምውጠው፤ እንደ ልጅ አፌን አስከፍታ ታየኛለች። በመጀመሪያው ቀን በተዘጋ ቤት ውስጥ ከማን ጋር እንደምውል ጠየቀችኝ። ከማንም አልኳት። ብቸኛ ሽማግሌ ነኝ፣ የሚጠይቀኝ የለም አልኳት። አዘነችልኝና ጻፈች።

ይህን አንቺ አታውቂውም። ሚልኪያስም አያውቅም።

ፈይሰል ቤት መሄድ ተውኩ። መድኃኒቱ ሥራውን እስኪሠራ ከራቅኩ ይበቃል ብዬ ራሴን አታለልኩ። አሥር ቀን እንዲህ ሆነ። ባለፈው ሰኞ በሬ ተንኳኳ።

«ለገሠ! ወላሂ ሳላይህ አልሄድም። ምን በደልኩህ?»

ጉንፋን ይዞኝ ነው አልኩት፣ በሩን ሳልከፍት። ቀልድም ጨመርኩበት፤ ስድብህ ጆሮዬን ስላመመው ዕረፍት ወጥቻለሁ አልኩት። አልሳቀም። ሰው ሲቀየም እንኳ ምክንያቱን ይናገራል አለኝ። ምናልባት አሚና ሳታውቅ ያስከፋችኝ ነገር ካለ ራሷ መጥታ ይቅርታ ልትጠይቅ እንደሆነ ነገረኝ። ከዚያም እንዲያው እግረ መንገዱን «ጉንፋኑስ ሕፃኑንም ይዞታል፤ ሁለት ቀን ሆነው ጡት በደንብ አልጠባም» አለ።

ማስኬን አድርጌ በሩን ከፈትኩ። ራቅ በል አልኩት። ሳቀ፤ እንደ ልማዴ ስቀልድ መስሎት። እንደገና ራቅ በል አልኩት። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀስ እያለ ጠፋ። ነገርኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።

«ከመስከረም መጨረሻ።»

«ሕፃኑን ስታቅፈው ታውቅ ነበር?»

የበሽታውን ስም አላውቅም ነበር ልለው እችል ነበር፤ እውነትም ነው። «ሳሉን አውቅ ነበር» አልኩት።

ፈይሰል በእጁ ትንሽ ፌስታል ይዞ ነበር። ውስጡ የተወቀጠ ጫት፤ ጥርስ የለውም ብሎ ለእኔ ወቅጦ ያመጣው። ደፉ ላይ አስቀመጠልኝና ሄደ። ሰላም ሳይለኝ የሄደበት ቀን ትዝ አይለኝም። እኔ ባንቺ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ በሆዴ ስጮህብሽ ከረምኩ፤ እሱ አንዲት ቃል አልጮኸብኝም። መጮህ ይሻል ነበር።

በማግስቱ ሲስተር ሥራዬ ዘንድ ሄጄ «ዋሽቼሽ ነበር፣ የምውልበት ቤት አለ» አልኳት። ስማቸውን ልነግራት ስጀምር መዝገቧን ገለጠች፤ ፈይሰል ከእኔ ቀድሞ ማለዳ አሚናንና ሕፃኑን ይዞ መጥቶ ኖሯል። ተመርምረዋል። ሕፃኑስ አልኳት። ለርስዎ የምነግርዎ አይደለም፣ የሰው ጉዳይ ነው አለችኝ። ለመንኳት፤ ቀለድኩ፤ ተቆጣሁ። አልነገረችኝም። ምስጢር የሚጠብቅ ሰው በመጨረሻ አገኘሁ እልሻለሁ፣ ያውም በዚህ ሰዓት።

ትናንት በጀጎል በኩል አልፌ ከሩቅ በራቸውን አየሁት። መስኮቱ ተከፍቷል። ከዚያ በላይ የማውቀው የለም።

አንቺን አልታረቅኩሽም። በሞቴ ምለሽ መናገርሽን መቼም አልረሳውም፤ ሐኪም ሆነሽ ነጭ ልብስ ስትለብሺም አስታውስሻለሁ። ልናገር ነው ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እለምንሽ ነበር፣ እቆጣሽ ነበር፤ ግን ጓሮ ፀሐይ ላይ ከባዕድ ልጅ አፍ ባልሰማሁት ነበር። ቅሬታዬ ይኸው ነው። ሌላውን ደብዳቤውን ስትጨርሺ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ቅዱስ ሚካኤል በምትሄጂበት ይቅደምልሽ። እጅሽ የነካው ጥርስ ሁሉ ይዳንልሽ። አፉን ከፍቶ ፊትሽ የሚቀመጠው ሁሉ እውነቱን ይንገርሽ፤ ካልነገረሽም እግዜር ይንገርሽ። ማስክሽን አታውልቂ፤ የሚያስቅሽን ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጠይቂው።

የማያነጋግርሽ አያትሽ፣
ለገሠ

ማስታወሻ፦ የአሚናን ቁጥር ከደብዳቤው ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ላንቺ ትነግርሻለች፤ ትወድሽ ነበር። ሕፃኑ ጡት መጥባት ጀምሮ እንደሆን፣ ምርመራው ምን እንዳለ፣ መድኃኒት ታዞለት እንደሆን ጠይቂልኝ። «አባባ ላኩኝ» እንዳትዪያት።

ወይም በያት።