የባሕር ዳርቻዋ ጣቢያ ውኃ

ውድ አቶ ፍስሐ፣

አካም፣ ናጋ ነዎት? ደኅና ነዎት? ጀይላን ነኝ፤ በ1970 ባቡር ጣቢያዎ አጠገብ ከሰፈረው ጦር ጋር የነበርኩት የሊበን አገር ልጅ። ባሕር መጀመሪያ ያየሁ ቀን «ይህ ሁሉ ውኃ የየትኛው ጎሳ ነው?» ብዬ አስቄዎት ነበር።

ያኔ ባቡሩ ከቆመ ቆይቶ ነበር። እርስዎ ግን ጠዋት ጠዋት የጣቢያ ኃላፊ ኮፍያዎን አድርገው የጣቢያዋን ደጅ ይጠርጉ ነበር። አባትዎ በጣሊያን ጊዜ ድንጋይዋን ተሸክመው እንደሠሯት፣ ኋላም እሑድ እሑድ የአሥመራ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ባሕር ሊያስገቡ እዚያ ይወርዱ እንደነበር አጫውተውኛል። ባቡር ሲሄድ አይቼ ባላውቅም በእርስዎ ወሬ የተሳፈርኩ ያህል ነው።

ከዚያ የወደብ ከተማው በአማፅያን ተከበበ፤ የቧንቧ ውኃም ተቋረጠ። ባሕር እያየን ከንፈራችን ተሰነጠቀ። ድሮ ባቡሩ ውኃ ይቀዳበት የነበረው የጣቢያዋ ታንከር ግን ሙሉ ነበር። በዝናቡ ወራት ከጣሪያው እየቀበሉ ሲሞሉት «ለየትኛው ባቡር ነው?» ብለን ስቀንብዎታል።

የዓሣ አጥማጆቹ ሚስቶች ጀሪካን ይዘው ተሰልፈው ሳለ የመቶ አለቃችን መጣ።

«ከዛሬ ጀምሮ የሠራዊቱ ነው። ቁልፉን አምጣ።»

«ሠራዊቱም ይጠጣል፣ ጌታዬ፤ እነሱም ይጠጣሉ» አሉት ድምፅዎን ሳያነሱ። «ሰልፉ አንድ ነው።»

ሽጉጡን አወጣ። እርስዎ ቁልፉን እንደጨበጡ ከታንከሩ ፊት አልተነቃነቁም። ወደ እኔ ዞሮ «ቀማው» አለኝ።

እኛ አገር በድርቅ ጊዜ በኤላው፣ በውኃ ጉድጓዱ ላይ፣ ተራ የሚያስከብር ሰው አለ፤ በእሱ ላይ እጅ አይነሣም። እርስዎን ሳይ እሱ ፊት የቆምኩ መሰለኝ። ኮዳዬን ይዤ ከመጨረሻዋ ሴት ኋላ ተሰለፍኩ። አንድ ሁለት እያሉ ጓደኞቼም መጡ። የመቶ አለቃው ጥቂት አየንና ሽጉጡን መለሰ። መርከብ ውኃ ይዞ እስኪደርስ ድረስ ከዚያ ታንከር ጠጥተን ሰው ሆነን ቆየን።

እኔ እግሬን ተመትቼ ወደ አገሬ ተመለስኩ። በቀደም ሞሉ የሚባል ወታደር ከዚያ መጥቶ፣ ሐዲዱ ለምሽግ እንደተነቀለ ነገረኝ። ስለ እርስዎ ስጠይቀው «ሽማግሌው አሉ፤ ዛሬም ውኃ ያስቀዳሉ» አለኝ። ደስታዬን ልነግርዎ አልችልም።

ነገሌ ውስጥ ስለ ጦርነቱ ሲጠይቁኝ የማወራው ስለ እርስዎ ነው። እናቴ መሪማ ትናንት ሰምታኝ «እኚህ ሰው ማን አላቸው?» አለች።

«ልጆቻቸው ተበታትነዋል፤ ብቻቸውን ናቸው» አልኳት።

«እንግዲያ ነገሌ ውስጥ ፊራ አላቸው ብለህ ጻፍ።»

ፊራ በእኛ ቋንቋ ዘመድ ማለት ነው።

ልጅዎ ጀይላን
ነገሌ፣ ጥር 1972 ዓ.ም.