ግራ ጉንጬ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቦንጋ

ረፋድ ላይ የላላ ቆዳ በሙቀት የሚወጥር ማሽን አስመጥቷል ወደተባለው የውበት ሳሎን ሄድኩ። የምትሠራልኝ ልጅ ግራ ጉንጬን ጨርሳ ወደ ቀኙ ስትዞር መብራት ጠፋ።

"እትዬ፣ ሲመጣ እደውልልዎታለሁ" አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ። እስካሁን አልደወለችም።

ከዚያ እማዬን ልጠይቃት ሄድኩ። ዓይኗ ከጠፋ ወዲህ የምትለየኝ ፊቴን ዳብሳ ነው። ቀኝ ጉንጬን ዳበሰችና "መጣሽ ልጄ?" አለች። ግራውን ስትነካ ግን እሳት እንደነካው ሰው እጇን ሰበሰበች።

"ምነው እማዬ?"

"ይቺ አብራሽ የመጣችው ማናት?"

"ብቻዬን ነኝ እኮ።"

ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አስቀምጫት እንጂ፤ እንግዳ ቆሞ አይቀርም" አለችኝ።

እኔስ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ተነስቼ ሁለተኛ ወንበር አመጣሁ።