የካሴቱ ባሕር

ግንቦት 8 ቀን 1975፣ ሰኞ

ከባሌ ከበላይነህ ካሴት መጣ! ፈቃድ የወጣ አንድ ወታደር ነው ያመጣው። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ቴፕ ከጀይላን ሱቅ ተዋስን፣ ባትሪ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አሞቅን፣ ከበን ተቀመጥን። ሁለት ዓመት ሙሉ «ሰሜን ነኝ» ከማለት በቀር ምንም ተናግሮ የማያውቅ ሰው ዛሬ አፉ ተፈታ። «ልጆች፣ አባታችሁ ደሴት ላይ ነው። ዙሪያው ባሕር። ዓሣው በራሱ እግር መጥቶ መጥበሻ ውስጥ ይገባል። ኮኮናት ከዛፍ ይወድቃል…» ከዚያ ዝም አለ። ሽሽሽሽሽ… «ሰማችሁ? ባሕሩ ነው።»

ዳኜ ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጥፎ አልነሣ አለ። እሙሽ የያዘችው ግን የመጨረሻዋን ነው። «ትምህርት ሲዘጋ መጥታችሁ ትዋኛላችሁ።» አለቀልኝ።

እኔ ደግሞ እዚህ ነገሌ ሁለት ልጅ ይዤ፣ ጦር ሜዳ ነው ብዬ ስጸልይ… ለካ ሰውዬው እየተዝናና ነው!

ግንቦት 14፣ እሑድ

ከትምህርት ቤት ካርታ አምጥቼ አሳየኋቸው። ሰሜን ያለው ደሴት ዳህላክ ነው። ዝንብ ያረፈበት ይመስላል፣ ነጠብጣብ ብቻ። «አባዬ የትኛው ነጠብጣብ ላይ ነው?» ትላለች እሙሽ። እኔ ምን አውቄ… መሀል ያለውን አሳየኋት።

የማስተምርበት መጽሐፍ ስለዚያ አገር ሙቀቱ አይጣል፣ ዝናብ የለም፣ መሬቱ ደረቅ ነው ይላል። ስለ ኮኮናት አንድም ቃል የለም። መጽሐፍ ምን ያውቃል? ሄዶ አላየው። ባሌ አይቶታል።

ከብት አርቢዋ ጉያቱ ወተት ይዛ መጣች። «አካም ቡልቴ ባርሲስቱ?» አለችኝ። እንዴት አደርሽ መምህሯ ማለቷ ነው፤ ስሜን ጠርታው አታውቅም። ልንሄድ ነው ብዬ ነገርኳት። ዙሪያውን ውሃ ነው ስላት ዓይኗ በራ። «ግን አይጠጣም፣ ጨው ነው» ስላት ጭራሽ ብድግ አለች። «ጨው ያለው ቢሻን፣ ጨው ያለው ውሃ? ለከብትማ ከዚያ የተሻለ የት አለ! ባልሽ ላም ለምን አይገዛም?» ሃያ ላም ብትነዳ ስንት ቀን እንደሚፈጅባት ጠየቀችኝ። ቀልዷን አይደለም።

ግንቦት 27፣ ቅዳሜ

የዋና ትምህርት ተጀመረ። ሳፋ ውስጥ። ዳኜ በሆዱ ተኝቶ እግሩን ሲያማታ፣ አህያ ከስንት መንገድ ያመጣችውን ውሃ ግቢው ጠጣው። ጮህኩ። «እማዬ፣ ሰምጬ ብሞትስ?» አለኝ።

ጀይላን የባሕር ሊቅ ሆኗል። ራሱ ከነገሌ ርቆ የሄደው እስከ ቡታጅራ ነው፤ ግን ሞያሌ ያለው የአጎቱ ልጅ ሞምባሳን አይቷል። ስለዚህ ይመክራል። «እህቴ፣ ለባሕር ኮንጎ ጫማ ነው። ጃንጥላም ያስፈልጋል።» ሱቁ ውስጥ ያለው ጃንጥላ ጥቁር፣ የቀብር የሚመስል ነው። ገዛሁት። ፀሐይ መቼ ቀለም መርጣ ታውቃለች?

ሰኔ 6፣ ሰኞ

ቀበሌ። የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ።

«የጉዞው ምክንያት?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«ዕረፍት።»

«ዕረፍት? ከምን?»

«ከትምህርት… ትምህርት ይዘጋል አይደል?»

«ጓድ ብዙወርቅ፣ አብዮቱ ሳያርፍ እርስዎ ሊያርፉ?»

እሺ ብዬ ቀየርኩ፤ ባሌን ልጠይቅ ነው አልኩ። የት ነው? ደሴት ላይ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወታደር ያለበት ቦታ ምስጢር መሆኑን አላውቅም ወይ? ማን ነገረኝ? «ካሴት» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ አለኝ።

ዕረፍት የሚባል ቃል ይህን ያህል ጣጣ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ሰኔ 19፣ እሑድ

ዛሬ በሌላ ካሴት መልስ ቀዳን። ዳኜ ሳፋ ውስጥ መዋኘቱን ለፈለፈ። እሙሽ ተራዋ ሲደርስ «አባዬ፣ ጥልቁ ጋ እንዳትሄድ» አለችና ፊቷን ቀሚሴ ውስጥ ደበቀች። እኔ «እንመጣለን» አልኩ። ሌላ ምን ልበል፣ ልጆች እየሰሙ።

መልሰን ስናዳምጠው ድምፃችን አለቀና… ሽሽሽሽሽ። ዳኜ ዘለለ። «እማዬ! እኛም ጋ ባሕር አለ!»

በሣቅ ሞትኩ። ከዚያ ሣቄ ቆመ።

ቴፑ አርጅቶ ነው አልኩት። ጀይላን ሰምቶ ተቆጣ፤ ቴፑ አዲስ ነው።

ሰኔ 30፣ ሐሙስ

ትምህርት ተዘጋ። የይለፍ ወረቀቱም ተፈረመ! ምክንያት፦ «የቤተሰብ ጉዳይ»። ማክሰኞ በሻሸመኔ አውቶቡስ እንነሣለን። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አንዱ የጦር አውሮፕላን እስከ አስመራ ያደርሰናል ብዬ ነው… ማን እንደሚያሳፍረን እግዜር ያውቃል። ሻንጣው ታስሯል። ዳኜ ኮንጎ ጫማውን አድርጎ ተኝቷል።

ሐምሌ 3፣ እሑድ

በላይነህ…

ሐምሌ 5፣ ማክሰኞ

የምንሄድበት ቀን ነበር። ጓዳ ገብቼ ነው የምጽፈው። ውጪ ድንኳን አለ፣ ሰው ሞልቷል።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በር ተንኳኳ። ጀይላን፣ ሚስቱ ረሒማ፣ ጉያቱ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ የጦር ሠፈሩ ሬዲዮ ሠራተኛ ገብረመስቀል። ተሰልፈው። እኔ ሞኟ ሊሸኙኝ የመጡ መስሎኝ! «ምነው፣ ማክሰኞ እኮ ነው የምንሄደው» አልኩ። ረሒማ አፏን በሻሿ ያዘች። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ሰዓት ተሰልፎ የሚመጣ ሰው መርዶ ካልሆነ ምን ይዞ ይመጣል?

በሬዲዮ ነው የመጣው። ሃምሳ አለቃ በላይነህ ዕረፍት፣ ለቤተሰቡ ይነገር።

እሙሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ጥልቁ ጋ ሄዶ ነው?»

ከሰዓት አስር አለቃ ፍስሐ መጣ፤ ከሰሜን ቆስሎ ሰሞኑን የተመለሰ፣ እንዲያጽናናኝ። «እኔና እሱ አንድ ምሽግ ነበርን እኮ፣ ብዙዬ። ተራራው ላይ፣ አለቱን ፈልፍለን። ሁለት ዓመት! እኔ ቆስዬ ስወርድ እዚያው ተውኩት… ለጠብታ ውሃ ስንት ቁልቁለት ይወረዳል መሰለሽ።»

«ደሴቱስ?» አልኩት።

«የምን ደሴት?»

አልቅሼ ሳልጨርስ ተናደድኩ። በሞተ ሰው መናደድ ነውር ነው? ጥቁር ጃንጥላ አስገዝቶኝ! ልጆቼን ሳፋ ውስጥ አስዘፍዝፎ! ውሃ የሌለበት ተራራ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ዓሣ የሚያወራ… ወይኔ በላይነህ። ወይኔ የኔ ውሸታም።

ሐምሌ 7፣ ሐሙስ

የሞተው ሰው ዛሬ ለለቅሶው መጣ።

አሁኑኑ ልጻፈው፤ ነገ ራሴም አላምነውም።

ከወታደር መኪና ወርዶ በእግሩ ሲመጣ ደጃችን ላይ ድንኳን ያያል። ልጆቼ ናቸው ወይስ ብዙዬ ብሎ ሮጠ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ዝም ተብሎ አይገባም። ሻንጣውን ወርውሮ «ወይኔ! ወይኔ!» እያለ ገባ። ሰዉ እንደ ደንቡ አንገቱን ደፍቶ አብሮት አለቀሰ። ሴቶቹ ጓዳ ነበርን፤ አዲስ ለቀስተኛ መጣ ብለን እኛም ከዚያው ተቀበልነው። የገዛ ባሌን ድምፅ አላወቅኩትም፣ ይቅር ይበለኝ። ለቅሶ የሁሉን ሰው ድምፅ አንድ ያደርገዋል።

ከዚያ ጀይላን አጠገብ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጠርጎ በሹክሹክታ፣

«ጀይላን፣ ማነው የሞተው?»

«በላይነህ» ይላል ጀይላን፣ ቀና ሳይል።

«የትኛው በላይነህ?»

ጀይላን ቀና አለ። «ያ አላህ!» ብሎ ሲነሣ አግዳሚው ከነሰዉ ተገለበጠ።

እኔ ምን አደረግኩ? ወጥቼ በጥፊ አጮልኩት። ከዚያ አቀፍኩት። ቅደም ተከተሉን ነገሌ በሙሉ አይቷል።

ጉያቱ ከፊቱ ቆማ «እንባዬን መልስ» አለችው። አራት ሌሊት አልቅሳለታለች፤ እውነቷን ነው።

ሐምሌ 8፣ ዓርብ

ገብረመስቀል ሊሞት ደርሷል በኀፍረት። መልእክቱ «ሃምሳ አለቃ በላይነህ ዕረፍት ስለተሰጠው ለቤተሰቡ ይነገር» ነበር። ከጣቢያ ጣቢያ ሲቀባበሉት መሀሉን ሽሽሽ በላው። «ዕረፍት… ለቤተሰቡ ይነገር» ብቻ ደረሰ። «እትዬ ብዙወርቅ፣ ከወታደር ስም ቀጥሎ ዕረፍት ሲባል ሌላ ነገር እንዴት ይታሰበኝ?» ይላል። ምን ልፍረድበት! ሠፈሩ በሙሉ «ፈቃድ» ነው የሚለው። አሁን ማን ይሆን የተማረ ነኝ ባይ «ዕረፍት» ያለው? ፈቃድ ቢል ምን ነበረበት!

ሊቀመንበሩ ኮስተር ብሎ መጣ። የጉዞው ምክንያት በእግሩ ስለመጣ የይለፍ ወረቀቱን ይመልሱ አለኝ። ከሁሉ አብልጦ ያለቀሰው እሱ ነበር።

ራት ላይ ዳኜ ጀመረ። «ኮኮናቱስ?» «መርከቡ ላይ ረሳሁት።» «ዓሣው በእግሩ ይሄዳል?» «እየዘለለ ነው እንጂ።» ፍስሐ አብሮን ነበር፤ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያል። በዓይኔ ገሠጽኩት፤ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ።

እግሩን ሳጥብለት ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ ስንጥቁ ውስጥ ድንጋይ ገብቷል። በሩ ሲንኳኳ ብርግግ ይላል። መጠየቅ ፈልጌ ነበር። ለምን እንዲህ አለ? ለልጆቹ ነው ወይስ ለራሱ? ሳስበው ግን… እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያለችው አንዲት ነገር ያቺ ደሴት ብትሆንስ? እኔ ማን ነኝና ከላይዋ ላወርደው።

ሐምሌ 22፣ ዓርብ

የቤተሰብ ሽርሽር! ጭነት መኪና ለምነን ዳዋ ወንዝ ወረድን። ውሃው ጎድሎ መሀሉ ላይ አሸዋ ወጥቷል። «ይሄ ደሴት ነው?» አለች እሙሽ። «ደሴት ነው፤ የኛው ግን ይበልጣል» አላት አባቷ፣ ሳያፍር።

ሁለት ዓመት ባሕር መሀል የኖረው ባሌ ዋና አይችልም። ውሃው ጉልበቱ ጋ ሲደርስ ክንዴን ይዞ ቆመ። ዳኜ በሆዱ ተኝቶ እያሳየው «እንዲህ ነው አባዬ፣ እግርህን አማታ!» ጥቁሩን ጃንጥላ አሸዋው ላይ ተከልን፣ ከሥሩ ሽሮ በላን። አዞ ሲታይ ሮጥን። እንዲህ ስቄ አላውቅም።

ነሐሴ 2፣ ሰኞ

ሄደ።

የወታደር መኪናው ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ልጆቹን ሳመ። ለዳኜ ኮኮናት፣ ለእሙሽ ዛጎል ቃል ገባ። ወደ እኔ ዞሮ አፉን ከፈተ… ሊነግረኝ ነበር። አውቄዋለሁ። ልጆቹ ቀሚሴን ይዘው ቆመዋል።

ቀደምኩት። «በላይነህ፣ ጥልቁ ጋ እንዳትሄድ።»

አየኝ። ረጅም አየኝ። ማወቄን አወቀ።

«አልሄድም» አለ። ሻንጣውን አንሥቶ መኪናው ላይ ወጣ።

ማታ ዳኜ ካሴቱን ከፈተ። ዓሣው፣ ኮኮናቱ፣ ከዚያ ሽሽሽሽሽ…

«እማዬ፣ ዛሬ ባሕሩ ተቆጥቷል?»

«አልተቆጣም፣ ተኝቷል» አልኩት። ካሴቱ እስኪያልቅ ሦስታችንም አዳመጥን።