እውነቱን ስትናገር ተበላሽታለች ስለተባለችው ሳጥን

ለተከበሩ የኢንተርኔት ፍጥነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ፣ እንዴት ከረሙ፣ ልጆችዎ ደህና፣ ቢሮዎ ደህና፣ የቢሮዎ መስመርስ ደህና ነው ወይ? ጤናዎ እኛ ሰፈር እንዳለው ኔትወርክ ሳይቆራረጥ፣ እርስዎ ጋ እንዳለው እየፈሰሰ እንዲዘልቅ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ትንሽ ፈርቼ ነው እንጂ ደህና ነኝ። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ልብስ ተኳሽ ስለሆንኩ ለትልቅ ሰው እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅምና ካጠፋሁ እንደ ልጅዎ ይዩኝ። ሰው ሁሉ እያየው በጋዜጣ የጻፍኩትም ደፍሬ አይደለም፣ አዲሱን የፍጥነት መስፈርት በተመለከተ አስተያየት ያለው ሰው በድረ ገጻችን ይሙላ ተብሎ ስለነበር ከእህቴ ቤት ሆኜ ሦስት ቀን ሞከርኩ፣ ገጹ ከላይ ትንሽ ይከፈትና ይቆማል፣ እዚያ ላይ የእርስዎ ፎቶ አለ መሰለኝ፣ እስከ ቅንድብዎ ድረስ ነው ያየሁት፣ ምንም ሐሳብ የሌለበት ሰላማዊ ግንባር ነው።

መጀመሪያ ምስጋናዬን ላድርስ። አምና ከመሥሪያ ቤትዎ ሁለት ሰዎች መጥተው ከሰፈሩ ቤት ሁሉ የእኔን መርጠው፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ነጭ ሳጥን፣ አረንጓዴ መብራት ያላት፣ ከዋይፋዩ ጎን ሰክተውልኝ ሄዱ። የፍጥነት መለኪያ ናት አሉኝ። ስሜን አልጠየቁኝም፣ የሳጥኗን ቁጥር ግን ሁለቴ አነበቡልኝ፣ አርባ አንድ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የእኔ ቤት ኢንተርኔት በረረ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ሰው እየተንጠለጠለ መጣ፣ አስተማሪው ፈተናውን ሊልክ፣ ጡረተኛው ጎረቤቴ የልጁን ፊት ሊያይ፣ ልብስ ሰፊዋ ሞዴል ልትመርጥ፣ ቤቴ መናኸሪያ ሆነ። እኔ ሞኟ ፍጥነቱን የምታመጣው ሳጥኗ ናት ብዬ አምኜ አቧራ እንዳይነካት ጨርቅ አለበስኳት፣ ማታ ማታም ደህና እደሪ እላት ነበር፣ ይኸው ተናገርኩ፣ ይሳቁ።

አሁን ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፣ በቁጥር ካልሆነ መዝገብ ቤት አይቀበልም ስላሉኝ።

አንደኛ። ታላቅ እህቴ መስማት የተሳናት ናት፣ በልጅነቷ ትኩሳት ነው የወሰደባት። ቤቷ ከእኛ ሕንፃ ፊት ለፊት መንገዱን ተሻግሮ ምድር ቤት ነው፣ ባሏ የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ከወር ሦስቱን ሳምንት የለም። የመጀመሪያ ልጇን ሆስፒታል ውስጥ ነው ያጣችው፣ አሟት ሳለ የእጇ ንግግር የሚገባው ሰው አልነበረም፣ በወረቀት ጻፉላት፣ እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም፣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ይሄን የምነግርዎ እንዲያዝኑ አይደለም፣ እንዲገባዎት ነው። አሁን ደግሞ አርግዛ ስምንት ወሯ ነው። የምልክት ቋንቋ የምታውቅ አንዲት አዋላጅ አገኘን፣ ሌላ ከተማ ነው ያለችው፣ በየሳምንቱ ሐሙስ በቪዲዮ እጅ ለእጅ ያወራሉ፣ እህቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም ጠይቃ መልስ አገኘች። የምትወልድ ቀንም አዋላጇ በስልኩ መስኮት ላይ ሆና የጤና ጣቢያው ሰዎች የሚሏትን በእጅ ልትነግራት ተስማምተዋል። ይሄ ሁሉ የሆነው የእኔ ቤት ነው፣ ከሳጥኗ አጠገብ።

በሰባተኛው ወር እግሯ ማበጥ ሲጀምር አዋላጇ አልጋ ላይ ዋይ፣ ደረጃ እንዳትወጪ አለቻት። በወንበር ተሸክመን እናውጣት ቢባል፣ ምጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ቢመጣ በዚያች ጠባብ ደረጃ በምን እናወርዳታለን፣ ከእኔ ቤት ገመድ ልዘርጋላት ብል በኢንተርኔት ኩባንያው ውል ክልክል ነው። እኔም ብልህ መስዬኝ ሳጥኗን ከነጨርቋ ነቅዬ መንገዱን አሻገርኩና እህቴ ራስጌ ከዋይፋይዋ ጎን ሰካኋት። በቃ፣ ፍጥነቱን ይዤላት መጣሁ አልኩ።

ሐሙስ ደረሰ። አዋላጇ እግርሽን አሳዪኝ አለቻት፣ በጣትሽ ተጫኚው አለቻት፣ እህቴ ስትጫነው ጎድጉዶ ቀረ። የአዋላጇ ፊት ተለወጠ፣ ሁለት እጇን አነሳች፣ እዚያው ላይ ምስሉ ደረቀ። ክቡርነትዎ፣ ለእኔና ለእርስዎ ምስል ሲደርቅ ድምፅ ይቀራል። ለእህቴ እጅ ሲቆም የሚቀር ነገር የለም። አርባ ደቂቃ የተነሱትን እጆች እያየች ተቀመጠች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በእጇ እንዲህ አለችኝ፦ «ፊቷ ፈርቷል። ምን ልትለኝ ነበር?»

አዋላጇ በቪዲዮ ደጋግማ ሞክራ ሲያቅታት በስልክ ደወለች፣ ድምፅዋ ጥርት ብሎ ገባ፣ ለዚህም አመሰግናለሁ። ደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት አለችኝ። እኔ የማውቀው የቤት ምልክት ነው፣ ብይ፣ ተኚ፣ ነይ፣ ባልሽ መጣ። ደም ግፊትን በምን ልንገራት? ደም የሚለውን አሳየኋት፣ ከዚያ ወዲያ አላየችኝም፣ ሆዷን ይዛ ጮኸች፣ ቤታችን ውስጥ ደም ማለት ያ የመጀመሪያው ልጅ ነዋ። እየጮኸች ነው ጤና ጣቢያ የወሰድኳት። ግፊቷ ከፍ ብሏል፣ መድኃኒት ሰጧት፣ ለጊዜው ቀነሰ። ለጊዜው የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ አልወዳትም።

ሁለተኛ። የኩባንያው ገመድ ሠራተኛ አለ፣ ሲደወልለት ሁልጊዜ ነገ እመጣለሁ ስለሚል ሰፈሩ «ነገ» ብሎ ነው የሚጠራው። እንግዲህ ነገ አንድ ቀን መጣ። የእህቴን መስመር አየ፣ ሳጥኗን አየ፣ ሳቀ፣ ከዚያ እህቴን አይቶ ሳቁን ዋጠ። «ስሚ፣ ይቺ ሳጥን ምንም አታመጣም፣ መዝጋቢ ናት» አለኝ። «ሳጥን ያለባቸው ቤቶች ዝርዝር እኛ ጋ አለ፣ የነሱ መስመር ይለቀቃል፣ የሌላው ይታነቃል። እንግዳ ሲመጣ ሳሎኑ ይጠረግ የለ? አንቺ እንግዳዋን ይዘሽ ጓዳ አስገባሻት።» ዝርዝሩን ማን ሰጣችሁ ብዬ ብጠይቀው፣ ተቆጣጣሪው ራሱ፣ ለትብብር ብሎ፣ አለኝ። እውነቱን ነው፣ የእኔ ቤት ያለ ሳጥንም ዛሬ ድረስ ይበራል፣ ቤቱ ዝርዝሩ ላይ አለማ። ተፈታኙን ከነመልሱ ያስገቡበት ትብብር ነው፣ ደግነትዎ ይገርማል። የሰፈር ሰው የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላል፣ እኔ ግን ለእርስዎ አልተረትኩም፣ ሲተርቱ ሰማሁ ነው ያልኩት።

ሦስተኛ። ሳጥኗ እህቴ ቤት በገባች በአሥራ አንደኛው ቀን ከመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ደረሰኝ። በቤትዎ የሚገኘው መሣሪያ ያልተለመደ ዝቅተኛ ውጤት እያስመዘገበ በመሆኑ መበላሸቱ ታውቋል፣ ውጤቱም ከሪፖርቱ ይሰረዛል፣ ባለሙያ ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት መጥቶ ያስተካክላል፣ መሣሪያውን ከተተከለበት ማንቀሳቀስ በሕግ ያስጠይቃል ይላል። አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ቤት ቁጭ ብላ ውሸት ስትመዘግብ ጤነኛ ነበረች። አሥራ አንድ ቀን እውነት ብትናገር ታመመች ተባለች። እህቴን ለማየት አንድ ሰው ስንት ወር እንደፈለግን ሳስብ፣ ሳጥኗን ለማየት በአሥራ አንድ ቀን ባለሙያ መመደብዎ አስቀናኝ።

አራተኛው ነው የሚያስፈራኝ፣ ቢሆንም ልናገር። እኔ የምሠራው ላውንደሪ ቤት ነው፣ የመሥሪያ ቤትዎም የኩባንያውም ሰዎች ኮት ወደኛ ይመጣል። ልብስ ከመታጠቡ በፊት ኪስ ይፈተሻል፣ የተገኘው በፖስታ ተደርጎ ከኮቱ ጋር ይመለሳል፣ የኪስ ነገር ከኪስ አይወጣም፣ የሙያችን ሕግ ይሄ ነው፣ አሠሪዬ እትዬ ሰው የምታባርረው በሌላ አይደለም በዚህ ነው። ከሁለት ወር በፊት ከኩባንያው ሰው ኮት በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት አወጣሁ፣ አንዲት መስመር ናት፣ «ድምፅ ሳይቆራረጥ ካለፈ ለአንድ ቤተሰብ መሠረታዊ ፍላጎት በቂ ነው» ትላለች። ምንም አልመሰለኝም፣ መለስኩት። በሁለት ሳምንቱ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ሰው ኮት ያቺው መስመር በኮምፒውተር ተጽፋ፣ ማኅተም ተረግጦባት ወጣች። ከዚያ በሬዲዮ ሰማኋት፣ አሥር ሜጋ የነበረው ዝቅተኛ ፍጥነት ወደ ሦስት ሊወርድ ነው፣ ምክንያቱም ድምፅ ሳይቆራረጥ ካለፈ፣ እያለች። አንድ ቃል አልጎደለባትም። ነገ እንደነገረኝ ሦስት ከጸደቀ ኩባንያው የሰፈራችንን አሮጌ ገመድ የመቀየር ግዴታ የለበትም፣ መስፈርቱን አሟልቷላ፣ ጤና ጣቢያውም በዚያው ገመድ ላይ ነው ያለው። እኔ ወረቀቶቹን ስመልስ ከኮት ኮት እንዳይቀያየሩ ስንት ተጠነቀቅኩ፣ ለካ ቢቀያየሩም ለውጥ አልነበረውም።

ይሄን ስጽፍ የሚመጣብኝን አውቃለሁ። እትዬ ታባርረኛለች፣ ሳጥን አንቀሳቀስሽ ተብዬ እጠየቃለሁ፣ ከዝርዝሩም ስሰረዝ የእኔም ቤት ይታነቃል፣ ጡረተኛው የልጁን ፊት የሚያይበት ያጣል። ትላንት ይሄን ሁሉ አሰብኩና ዝም አይነቅዝም፣ ሳጥኗን ወደ አራተኛ ፎቅ ልመልስ፣ ሐሙስ ባለሙያው መጥቶ አይቶ ደህና ናት ብሎ ይሂድ ብዬ እህቴ ቤት ገባሁ። ሶኬቱን ስይዝ እህቴ እጄን ያዘችኝ። እሷ አሁንም አዋላጇን የምታመጣላት ሳጥኗ ናት ብላ ታምናለች፣ ያኔ እኔ ነኝ ያልኳት፣ አይደለችም ብዬ ለመንገር ደግሞ አቅም አጣሁ። ከሳጥኗ ላይ ጨርቁን አነሳች፣ አረንጓዴ መብራቷን አየች፣ ትንፋሽ የወጣላት መሰለች፣ ጨርቁን መልሳ አለበሰቻት። እኔም ሶኬቱን ለቀቅኩ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ሳጥኗ እህቴ ራስጌ ናት፣ አልደበቅኳትም፣ ሐሙስ በአራት ሰዓት እዚያው ያገኟታል። ባለሙያ አይላኩ፣ የሚጠገን ነገር የላትም። እርስዎ ራስዎ ይምጡ። አዋላጇም የምትደውለው ሐሙስ በአራት ሰዓት ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣሉ፣ ኮትዎ ቢጨማደድ እኔ እተኩሰዋለሁ፣ ኪስዎን አልፈትሽም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። አዋላጇ እጇን አንስታ ምስሉ ሲደርቅ እህቴ ወደ እርስዎ ትዞራለች፣ ምን ልትለኝ ነበር ብላ ትጠይቃለች። እኔ መመለስ አቅቶኛል፣ እርስዎ ይመልሱላት።

ለሰጡኝ ሳጥን፣ ለሦስቷ ሜጋ፣ ለግንባርዎም ጭምር እጅ እየነሳሁ፣ የካውያው እንፋሎት ፊቴን እያላበኝ፣ ትእዛዝዎን አክባሪ፣ ፍርሃቷ ግን ከአክብሮቷ የሚበልጥ፣

የሳጥን ቁጥር አርባ አንድ ባለቤት
(ሌላ ስም ስላልጠየቃችሁኝ)

ይቺን ልረሳት ነበር፦ ደብዳቤዬን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለእርስዎም ለጋዜጣውም ከሁለት ቤት ነው የላክሁት። ከእኔ ቤት የላክሁት ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ሄዷል፣ አሁን የሚያነቡት እሱን ነው። ከእህቴ ቤት የላክሁት ከሰኞ ጀምሮ እየተላከ ነው ይላል፣ እየዞረ ነው። እሱ ይቅደም የእህቴ ልጅ ይቅደም አላውቅም። ልጁ ከቀደመና በደህና ከመጣ አይጨነቁ፣ አድጎ በእግሩ ያደርስልዎታል።