ነጭ ገላ፣ ቢጫ መታጠቂያ፣ ጥቁር አናት፦ ስለ ቀለም ቀቢው ኦቦ ጨመዳ ደረሳ ማረፍ

ከነቀምቴ የላይ ገበያ የሴቶች እድር። ለአባሎቻችን፣ ለጎረቤት፣ በአውቶቡስ ለሚሄድም በእግሩ ለሚሄድም ሁሉ።
ጥቅምት 15 ቀን 1961 ዓ.ም.

የአባላችን የአደ ቀለሟ ባለቤት ኦቦ ጨመዳ ደረሳ ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ጡሩንባው ሲነፋ ሰምታችኋል፤ የማን ነው ብላችሁ ከነበረ የእሳቸው ነው። እድራችን ክፉኛ አዝኗል። ክፉኛም ተናዷል። ሁለቱንም እንነግራችኋለን፤ ሀዘኑን ብቻ አውርተን ንዴቱን ብንውጠው እሳቸው ራሳቸው ይታዘቡናል።

ኦቦ ጨመዳ የተወለዱት ቢላ ነው፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ። ትምህርት ቤት አልገቡም። እኛስ የት ገባን? ግን ዓይናቸው ያየውን ሁሉ እጃቸው ይሥል ነበር። ግድግዳ ላይ በከሰል በሬ ሥለው አባታቸው ገርፏቸዋል፤ በሬውን ግን አላጠፋውም።

በ1939 ዓ.ም. በባቡር ጅቡቲ ወረዱ። ወደብ ላይ የመርከብ ዝገት ፋቂ ሆነው ተቀጠሩ። ከፍታ ስለማይፈሩ ዓመት ሳይሞላ በገመድ እየተንጠለጠሉ የመርከብ ጭስ ማውጫ ቀቢ ሆኑ። እድራችን ባሕር አይቶ አያውቅም፤ የምንናገረው እሳቸው ሀዘን ቤት ሲቀመጡ የነገሩንን ነው። እንዲህ ነበር የሚሉት፦ መንገደኛ የሚጭነው መርከብ ሁሉ አናቱ ላይ ጭስ ማውጫ አለው፤ ያ ጭስ ማውጫ የባለቤቱ መታወቂያ ነው። አንዱ ኩባንያ ቀይ ይቀባል፣ ጫፉን ጥቁር ያደርገዋል። ሌላው ሰማያዊ ላይ ነጭ ቀበቶ ያዞራል። ሌላው የቅቤ መልክ ያለው ቢጫ ይቀባል። ባንዲራው ሳይታይ፣ ስሙ ሳይነበብ፣ ወደብ የቆመ ሰው ከሩቅ አይቶ የእነ እንትና መርከብ መጣች ይላል።

በ1940 ዓ.ም. የመጡት አሮጌዎቹ መርከቦች ጭስ ማውጫቸው ቀጥ ያለ ረጅም ቀጭን ነበር፤ ድንጋይ ከሰል ስለሚያነዱ ጭሱን ወደ ላይ መወርወር አለባቸው። ሁለትም ሦስትም የደረደሩ ነበሩ። ሦስተኛው ግን ባዶ ነው! ከሥሩ እሳት የለ፣ ከላዩ ጭስ የለ። ሕዝቡ ጭስ ማውጫ የበዛበት መርከብ ጉልበት አለው ብሎ ስለሚያምን ለታይታ የቆመ ነው። ኦቦ ጨመዳ አንዱን ከውስጥ ሊቀቡ ቢገቡ የሀብታም መንገደኞች ውሻ ታስሮበት አገኙ። ይህን ሲነግሩን አባላችን አደ ድርቤ ወዲያው፣ «ዋቃዮ! ይሄማ ባይሳ ነው!» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለ አውቶቡሱን ባይሳን «ሦስተኛው ጭስ ማውጫ» እንለዋለን። እስከ ዛሬ የምንለው ከጀርባው ነበር፣ አሁን ጽፈነዋል።

በ1944 ዓ.ም. በዘይት የሚሄዱት በዙ። ጭስ ማውጫው አጠረ፣ ወፈረ፣ ሩጫ ላይ ያለ ይመስል ወደ ኋላ ጋደል አለ። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ለሽርሽር ብቻ የሚዞሩት መጡ፤ ሙቀቱን እንዲችሉ ገላቸው ሙሉ ነጭ፣ አንዷማ ከታች እስከ ላይ አረንጓዴ። የሴቶቹ ነጭ ቀሚስ ላይ ጥላሸት እየወረደ ስላስቸገረ አንዳንዱ ጭስ ማውጫ ላይ እንደ ባርኔጣ ያለ ክዳን ተደረገ፤ አንዳንዱን ጭራሽ ወደ መርከቡ ጭራ ወሰዱት። ኦቦ ጨመዳ ይህን ሁሉ በየዓመቱ በደብተር ሣሉት፤ ቅርጹን፣ ቀለሙን፣ ስንት እጅ ከስንት እጅ እንደሚደባለቅ። ደብተሩ አሁን በእድሩ ሣጥን ተቆልፎበታል።

በ1951 ዓ.ም. ሳላቸው ሲጠናባቸው ወደ ነቀምቴ ተመለሱ። የቤተ ክርስቲያናቸውን መስኮት፣ የትምህርት ቤቱን በር፣ የእድራችንን ሣጥን ቀብተዋል። የመቃብር ሰሌዳ ላይ ስም ሲጽፉ ደሃና ሀብታም ብለው ፊደል አላሳነሱም። ቅልቅሉንም ፊደሉንም ለባለቤታቸው ለአደ ቀለሟ አስተማሩ፤ ቢጫዋ ላይ የምትገባዋን ቀይ ጠብታ የምታውቀው እሷ ብቻ ነች።

በ1952 ዓ.ም. ባይሳ ዋጋሪ ሁለት አውቶቡስ ገዛ። ጭቃ የመሰሉ ነበሩ። ከኡኬ የሚመጣ ሰው ከአቧራው ውስጥ የጭነት መኪና ይሁን አውቶቡስ ሳይለይ ቆሞ ይቀር ነበር። ባይሳ ኦቦ ጨመዳ ደጅ መጣና፣ «ወንድሜ፣ ከሩቅ የምትታይ አድርግልኝ» አላቸው። አደረጉለት። ለፀሐዩ ነጭ ገላ፣ ወገቡ ላይ ያቺ የቅቤ ቢጫ መታጠቂያ፣ ጥላሸት እንዳይታይ ጥቁር አናት። ከመርከቦቹ አንዱን አልገለበጡም፤ ከሁሉም የሚበጀውን መርጠው ለእኛ መንገድ አስማሙት። በሦስት ወር ውስጥ ሕፃኑ ሁሉ ዛፍ ላይ ሆኖ «ቢጫ ታጣቂዋ መጣች!» ማለት ጀመረ። ባይሳ በዚያ ቀለም ስድስት አውቶቡስ አደረሰ።

በ1957 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡና ይህን ውብ ቀለም ማን ነደፈልህ ብለው ጠየቁት። ባይሳ ከረባቱን አስተካክሎ፣ «ፈረንጅ ነው፣ ከባሕር ማዶ ያስመጣሁት» አለ። ኦቦ ጨመዳ አምስት እርምጃ ርቀው ብሩሽ እያጠቡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ፈረንጁ ሆነ። ፈረንጁ ምን በልቶ፣ የት አድሮ፣ በየትኛው መንገድ ነቀምቴ እንደገባ ያየ ሰው ካለ እድራችን ዛሬም ሊሰማው ዝግጁ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ኦቦ ጨመዳ ሳንባቸው እንደማይድን ሐኪም ነገራቸው። አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ። በከዘራ እየተደገፉ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄዱ፤ አደ ቀለሟና የእድራችን ሰብሳቢ አብረው ነበሩ። «ኦቦ ባይሳ፣ ከኋላ መስኮቱ ሥር፣ በጣት ቁመት ብቻ፣ ጨመዳ ቀባው ብዬ ልጻፍ» አሉት። ባይሳ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ ሳቀ። «አንተ፣ መርከቡ ላይስ ስምህን ጽፈው ነበር?»

«አልጻፉም፣ ጌታዬ። እነሱ ግን ራሳቸው ፈረንጅ ሆነው ሳለ እንኳ ፈረንጅ ሠራው አላሉም።»

ሰው ሳቀ። ባይሳ አፈረ፣ ሲያፍር ደግሞ ይብስበታል። «ሂድ ከመኪናዬ ራቅ፣ ሳልህን ተሳፋሪ ላይ አትርጭ» ብሎ ሾፌሩን ንዳ አለው። ኦቦ ጨመዳን የገዛ ሥራቸው፣ ያቺ አውቶቡስ፣ አቧራ አልብሳቸው ሄደች። እድራችን ይህን በዓይኑ አይቷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለባይሳ «አንቱ» የሚል አባላችን የለም።

ማክሰኞ እንዳረፉ እንባችንን ሳንጠርግ ተሰበሰብን። ባይሳ ሬሳውን የሚሸኝ አውቶቡስ ልስጥ፣ ከመቃብሩ ላይም ንግግር ላድርግ ብሎ ልኮ ነበር። አውቶቡሱንም ንግግሩንም ይዞ ይቀመጥ አልነው። አደ ቀለሟ ከሬሳው አጠገብ ተነሳች፣ ነጠላዋን አገልድማ የቀለም ቆርቆሮውን ከፈተች፣ ቢጫዋን ደባለቀች። የእድሩን ቃሬዛ ነጭ ቀባን፣ ወገቡን ቢጫ አስታጠቅን፣ እጀታዎቹን ጥቁር አደረግን። ጎኑ ላይ «ጨመዳ ቀባው» ብላ በክንድ ቁመት ጻፈችበት፤ ባይሳ በጣት ቁመት አልፈቅድም ስላለ።

ረቡዕ ኦቦ ጨመዳ በራሳቸው ቀለም ተሸኙ። ሆን ብለን በአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል አዞርናቸው። ስድስቱ አውቶቡሶች በዚህ በኩል፣ ቃሬዛችን በዚያ በኩል፤ ነጭ ለነጭ፣ ቢጫ ለቢጫ። ሕዝቡ አንዴ አውቶቡሶቹን፣ አንዴ ቃሬዛውን ያያል። አንዲት ገበያተኛ ሳጥኗን ከአውቶቡሱ ጣሪያ አስወርዳ፣ «እኔ ገና አልሞትኩም፣ እዚህ ላይ አልወጣም!» አለች። ተከትለዋት የወረዱትን እኛ አላስወረድናቸውም።

ሐሙስ አግዳሚ ወንበሮቹን፣ የድንኳኑን ምሰሶዎችና የወጥ ድስቶቹን ክዳን በዚያው ቀለም ጨረስን። ከእንግዲህ በነቀምቴ ሰው ሲሞት የሚታየው ያ ቀለም ነው። ለኡኬና ለቢላ እድሮችም ቅልቅሉን አደ ቀለሟ ራሷ ወስዳ ትሰጣለች፤ ስሙ አብሮ ከተጻፈ።

ማምሻውን ባይሳ ሽማግሌ ልኮብናል። የጨመዳን ስም ልጻፍ፣ በሁሉም አውቶቡስ ላይ፣ በፈለጋችሁት ቁመት፣ ብቻ ቃሬዛውን መልሳችሁ ቀይሩልኝ ብሏል። ሽማግሎቹን አክብረን ቁጭ አድርገን አበላናቸው። መልሳችን ግን ይኸው በጽሑፍ፦ አይሆንም። ሰኔ ላይ ሰውዬው በእግራቸው መጥተው ለምነውሃል። አሁን ቀለሙ የእኛ ነው፣ የሟቾቻችን ነው። ይቅርታ የሚያደርጉልህ ኦቦ ጨመዳ ነበሩ፤ እሳቸውን ቀብረናል።

ለአደ ቀለሟ፣ ለልጆቿ፣ ቢላ ላሉት ወንድሞቻቸው፣ ብሩሽ ለያዘ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ እንላለን። ለኦቦ ጨመዳ አፈሩ ይቅለላቸው።

ለባይሳም ሀዘናችንን እንገልጻለን። ዛሬ ጠዋት የአዲስ አበባዋ አውቶቡሱ ሾፌሩንና ረዳቱን ብቻ ይዛ ወጥታለች። ሌላ ቀለም መፈለጉ አይቀርም። ፈረንጁን ያስመጣ።

ሸዋጌጥ፣ የእድሩ ሰብሳቢ፣ አስጽፋ በጣቷ ፈርማለች።