ከአሰብ የምትልከው ከረሜላ

አዋሳ፣ ሰኔ 1976 ዓ.ም.

ውድ ደረሰ፣

ሰላምታው ለጊዜው ይቆየኝ፤ ዛሬ ተናድጃለሁ። ሾፌሩ ባዬ ትናንት ያደረሰልንን የከረሜላ ካርቶን ሳልከፍተው አልጋ ሥር ከትቼዋለሁ። በሞቴ፣ ሁለተኛ እንዳትልክ።

የወደቡ ሥራ እንደማያፈናፍንህ አውቃለሁ። ልጅህ ስትናፍቅህ እንደምትልክላትም አይጠፋኝም። ግን ጽጌሬዳ እንደሌላ ልጅ ቆርጥማ አትጨርሰውም። «የአባዬ ነው፣ ቶሎ እንዳያልቅብኝ» እያለች ጉንጯ ውስጥ ወሽቃ ትውላለች። ትምህርት ቤት ስትሄድ አፏ ውስጥ ነው፣ ጉዱማሌ ሜዳ ስትሯሯጥም አፏ ውስጥ ነው፤ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ እንኳ በጣቴ ፈልፍዬ የማወጣበት ጊዜ አለ። ስከለክላት ታለቅሳለች። ጎረቤቶቻችን ደግሞ «እኛ ለስኳር ቀበሌ ተሰልፈን እንውላለን፣ አንቺ ከረሜላ በዛ ብለሽ ታማርሪያለሽ» ይሉኛል።

ባለፈው የኋላ ጥርሷ ጠቆረ ብዬ ስጽፍልህ ምን አልከኝ? «የወተት ጥርስ ነው፣ ይተካል፤ አታካብጂ።» ለእሷም ለብቻዋ ይህንኑ ጻፍክላት። ከዚያ በኋላ እኔን ማን ይስማኝ?

ሰኞ ጉንጯ አብጦ አደረ። ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ አፏን ከፍቶ አየና «ይሄ እኮ የወተት አይደለም» አለኝ። ልጆች ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ ሌላ ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጣ ብዙ ወላጅ ይሳሳታል አለ። «የጎዳት የከረሜላው ብዛት ብቻ አይደለም፤ አፏ ቀኑን ሙሉ ዕረፍት አጣ። ከምሳ ጋር በልታው፣ በውሃ ተጉመጥምጣ ብትተወው ይሻላት ነበር።» ከዚያ ነቀለው። እጄን አጥብቃ ይዛ የጠራችው አንተን ነው።

ቤት ስንደርስ አዲስ እንዲበቅልላት ጥርሱን ቆርቆሮው ጣራ ላይ ወረወረችው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ይዛ ትመጣለች።

«እማዬ፣ ብቅ አለ?»

«ገና ነው» እላታለሁ። ምን ልበላት? አባዬ ይተካል ብሏል፤ አባዬ ደግሞ አይዋሽም።

ካርቶኑን ባዬ ሲመለስ ይዞልህ ይመጣል። ለሐምሌ ፈቃድ ጠይቅና ባዶ እጅህን ና። ይተካል ያልካት አንተ ነህ፤ እንደማይተካም አንተው አጠገብህ አስቀምጠህ ንገራት። እኔ አልቻልኩም። እስክትመጣ መስተዋቱን ደብቄ እቆያለሁ።

ሰላምታዬን ያን ጊዜ በአካል ትቀበለኛለህ።

ተናድዳም የምትናፍቅህ፣
ብርቅዬ