ስለ ጸደቀው ግቤና ስላልተሸጡት ቦርሳዎቼ

ለተከበሩ የአነስተኛ ንግድ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት የገበያ ልማት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከመላው ቤተሰብዎ ጋር በሙሉ ጤንነት፣ ከሚሽከረከረው ወንበርዎም ጋር በፍጹም ሰላም እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ሁለት መታጠፊያ ወረድ ብሎ፣ እናንተው በድጋፍ በሰጣችሁን አንድ ክፍል ውስጥ የተማሪ ቦርሳ የምሰፋው ሴት፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ቦርሳዎቼም ደህና ናቸው፤ ከመደርደሪያው ንቅንቅ ያለ የለም።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። ለብቻዎ ልነግርዎ ደጅ ጠንቼ፣ ደጅ ጠንቼ፣ ስብሰባ ላይ ነዎት እየተባልኩ ብመለስ ጊዜ ነው። ጸሐፊዎ ከዘመድ ቆጥራኝ “ዛሬም መጣሽ፣ እህቴ?” ማለት ከጀመረች ሰንብታለች፤ እርሷን ስላስተዋወቁኝም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሥልጠናው ላመስግን፤ እውነቴን ነው፣ ይህኛው ምስጋና አሽሙር የለበትም። አሠልጣኛችሁ “ለማን እንደምትሸጡ፣ ምን እንዲያደርግላችሁ እንደምትፈልጉና እስከ መቼ እንደሆነ ሳታውቁ ማስታወቂያ አትሥሩ” ሲሉን ከልቤ አመንኳቸው። እስከዚያ ድረስ እኛ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ስንጮኽ የኖርን ሰዎች ነን። የዚያኑ ዕለት ሸራውን ከሚቆርጡት አማቴና የስፌት መኪናው ላይ ከሚቀመጠው ዋርሳዬ ጋር ተማከርን። አማቴ “ልጄ፣ ቦርሳ የሚመርጠው ልጁ ነው፤ ማንገቻው ሲበጠስ የምትናደደው ግን እናቱ ናትና ለእናቶች ንገሪ” አሉኝ። ስለዚህ ግባችንን እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በሰፈራችን ባሉት ሁለት ትምህርት ቤቶች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ እናቶች ማንገቻው የማይበጠስ ቦርሳ እኛ ዘንድ እንዳለ ይወቁ፤ ግማሾቹም መጥተው በእጃቸው ጎትተው ይሞክሩት። ያለንን ሁሉ ሸራና ዚፕ ላይ አፈሰስነው። የቦርሳ ገበያ በዓመት አንዴ ነው፤ ያ ካመለጠ ሦስታችንም እጃችንን አጣጥፈን እንደምንቀመጥ እናውቅ ነበር።

በድጋፍ ቤት የሚሠራ ሰው ግቡ ሳይጸድቅና ማኅተም ሳያርፍበት በራሪ ወረቀት መበተንም ታፔላ መስቀልም እንደማይችል ደንባችሁ ስለሚያዝ፣ ግቤን እንደ ሕፃን አቅፌ አመጣሁልዎ። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፦ ግቤ “ጠባብ ነው፤ ራእይ ይጎድለዋል” ተብሎ ተመለሰልኝ። ሁለት ትምህርት ቤት ብቻ ማለቴ ጽሕፈት ቤቱን እንዳሳፈረው ባለሙያዎ በትሕትና አስረዱኝ። ለካ እናቶቹ ጎረቤቶቼ መሆናቸው ነውር ኖሯል። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት እኔ ለመሳቂያ የተተረተ ይመስለኝ ነበር፤ በእናንተ ዘንድ ግን መመሪያ መሆኑን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ታዛዥ ነኝና ሁለቱን ትምህርት ቤቶች ሰርዤ “የከተማው ሕዝብ ሁሉ” ብዬ ጻፍኩ። በዚህ መሐል የፊተኛው ባለሙያ ተዛውረው በቦታቸው የተተኩት ደግሞ “ይህ እጅግ ሰፊ ነው፤ በምን ይለካል?” ብለው መለሱልኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ይሏል ይኼ ነው። በበኩሌ ሊለካ የሚችለውን አስቀድሜ አምጥቼ እንደነበር ብናገር፣ የቀድሞው ማመልከቻ በአዲሱ ስለተተካ ሊታይ እንደማይችል ተነገረኝ። እኔ በእናንተ ኮሪደር ስመላለስ፣ ከእኛ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ከሩቅ የመጡ፣ በቀለም ያሸበረቁ ቦርሳዎችን በሩ ላይ ደርድሮ ነበር። እርሱ የድጋፍ ቤት ውስጥ ስላልሆነ ግብ አይጠየቅም፤ ዝም ብሎ ይሸጣል።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ ግቤ መጽደቁ ነው። አዲሱ ባለሙያዎ መመላለሴን አይተው አዘኑልኝና እርሳቸው ራሳቸው ጻፉልኝ፦ “የተማሪ ቦርሳ ተጠቃሚነትን በዘላቂነት ማረጋገጥ።” ቀለሙ ሳይደርቅ ማኅተም ተመታበት። የጸደቀ ግብ በታፔላው ላይ በትልቁ መጻፍ አለበት ተባልኩ፤ አጻፍኩ። ስለ ማንገቻው የሚሆን ቦታ አልተረፈም።

ክቡር ሆይ፣ ውጤቱን ባዩት! በማግስቱ አንድ አባወራ አራት ልጆቹን አስከትሎ፣ መታወቂያውን በእጁ ይዞ “በነጻ የሚታደለው የሚመዘገበው እዚህ ነው?” ብሎ መጣ። አይደለም ብዬ ብነግረው አላመነኝም፤ ለዘመዶቼ ብቻ የማድል መስሎት ተቆጥቶኝ ሄደ። አንድ ሽማግሌ ስለ ተቋረጠ ውሃ አቤቱታ ሊያቀርቡ ገቡ። አንዲት ሴት ደግሞ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ምን እንደምትፈልግ ብጠይቃት ኃላፊው እስኪመጡ እየጠበቀች መሆኗን ነገረችኝ። እናቶቹስ? ስንት ያሰብኩላቸው እናቶች በራችን ላይ ሲደርሱ ታፔላውን ቀና ብለው እያዩ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። አንዷ ጓደኛዋን በክንዷ ስትጎትታት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ “ነይ እንለፍ፣ ቢሮ ነው” ነበር ያለቻት። ሰው ወዶ ቢሮ እንደማይገባ ከእርስዎ ይልቅ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም።

አራተኛ፦ ታፔላውን ላውርድ ብዬ ለመንኩ። የጸደቀ ግብ የሚቀየረው አፈጻጸሙ በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሲገመገም ነው ተባልኩ። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ልጆቹ የማዶውን ቦርሳ አዝለው በበራችን አለፉ። በራሪ ወረቀቱን እንድበትን የሚፈቅደው ደብዳቤ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብል ለከባድ ሥራችሁ ማነስ ይሆንብኛልና አልልም።

የሚቀጥለውን ግን ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ዋርሳዬ መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ ሄደ። እንደ እርሱ ቀጥ ያለ ስፌት የሚያወጣ እጅ በሰፈራችን የለም፤ ይህን የምለው የባለቤቴ ወንድም ስለሆነ አይደለም። አሁን በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የጥበቃ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጥሯል፤ በዚህ ወር ሪፖርታችሁም “በድጋፋችን የሥራ ዕድል ከተፈጠረላቸው” መካከል መቆጠሩን ሰምቻለሁ። ይህን የሰማሁ ዕለት አለቀስኩ፤ ንዴቴም እስካሁን አልበረደልኝም። አማቴ ደግሞ በራፉ ላይ ተቀምጠው፣ በሁለተኛው ሳምንት ማንገቻው ተበጥሶ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ቦርሳ ያዘለ ልጅ ባለፈ ቁጥር ይቆጥራሉ። ባለሙያዎ የጠየቁት መለኪያ ይሄውልዎ ተገኘ።

የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ታፔላውን አውርጄ “ቦርሳ እንሰፋለን፤ ጎትታችሁ ሞክሩት” ብዬ ልጻፍበት። ራእይ እንደሚጎድለው አውቃለሁ። ነገር ግን ዋርሳዬን ወደ መኪናው የሚመልስልኝ፣ አማቴንም መቀሳቸውን የሚያስነሣልኝ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ለሰጡኝ ዘላቂ ትኩረት ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ስብሰባዎ እንዳይጓደል፣ የማኅተምዎ ቀለም እንዳይነጥፍ እየተመኘሁ እሰናበትዎታለሁ።

ግቧ የጸደቀላት፣
ቦርሳ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ዋርሳዬ አንድ መልእክት እንዳደርስለት አደራ ብሎኛል። በእርስዎ በር የሚገባው ባለጉዳይ ሁሉ “ይህ ቢሮ ምንድን ነው የሚሠራው?” ብሎ እየጠየቀው መልስ አጥቷል። ለማን እንደምትሠሩ፣ ምን እንደምትሠሩና እስከ መቼ እንደሆነ በአንድ መስመር ጽፈው ቢልኩለት ለሰው ይነግርልዎታል። ማኅተም አያስፈልገውም ብሏል።